በበረኪና የታጠበው ጡጦ

ጠጋኟ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮው ቧንቧ ስትወጣ፣ ከዕቃ ማንጠፍጠፊያው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹና እጀታው ከረገፈው የወንድሟ ኩባያ መካከል፣ አንድ የማታውቀው ዕቃ ተደፍቶ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አየች። የእናቷን ዕቃ አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ የትኛውን ማን እንደሰነጠቀው ሳይቀር ትናገራለች። ይህ ግን እንግዳ ነው። በመዳፍ የምትያዝ፣ ሆዷ ሞላ ያለ፣ ከጎኗ እንደ ጡት ጫፍ ሾል ብላ የወጣች ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሸክላ። አነሳቻት። በረኪና በረኪና ትሸታለች። ሆዷ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የቧጠጠው መስመር ዙሪያዋን ይታያል። ጠጋኟ የተሰበረ ሸክላ በምትጠግንበት ሙዚየም እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ጓንት የሚነካ ሰው ካገኘች፣ ኃላፊም ይሁን እንግዳ፣ ምላሷን ሳትምር የምትለቅበት ሴት ናት። አሁን ግን በእርጥብ እጇ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ያቺን ዕቃ ይዛ ደርቃ ቆመች።

«አየሻት?» አለች እናቷ ከኩሽናው በር፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ፊቷ ስጦታ እንዳቀበለ ሰው ያበራል። «ትናንት ከአዲሱ ክፍል መሠረት ጉድጓድ የወጣች ናት። ግንበኛው ሊጥላት ሲል ‹ተው፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች› አልኩት። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ያሳመርኳት! ውጭዋ ጭቃ ብቻ። ውስጧማ አይነገርም፤ የደረቀ ቅርፊት ይዞ፣ በማንኪያ ፈቅፍቄ፣ ፈቅፍቄ…»

«ቅርፊቱን የት አደረግሽው እማዬ?»

«የት ይደረጋል? በፍሳሹ ሄደ።»

ጠጋኟ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ በዚህ መንደር በንጽሕና የምትታማ ሴት አይደለችም፤ ጎረቤት ድስት ሲያርርበት ወደ እሷ ይዞ ይመጣል፣ እሷም እንደ አዲስ አድርጋ ትመልሳለች። ልጇ በዚያው እጅ ያደገች ናት። ነገር ግን ልጇ የምትውልበት ክፍል የመጀመሪያ ሕግ «አትጠቡ» የሚል ነው። ቀድሞ ሙዚየሙም ያጥብ ነበር፤ ከመሬት የወጣ ሸክላ ሁሉ በባልዲ ተነክሮ፣ ተቦርሾ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ኋላ ነው ተመራማሪዎች ሸክላ የጠጣውን እንደማይረሳ የደረሱበት፤ በቅርፊቱና በገሉ ውስጥ የቀረችው ቅባት ተመርምራ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት በዚያ ዕቃ ወተት ተቀድቶ እንደሆነ፣ ሥጋ ተቀቅሎ እንደሆነ ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ ነው ማጠብ እንደ ኃጢአት የተቆጠረው። ጠጋኟ ይህን ለእናቷ ስንቴ ነግራታለች፤ እናቷም ስንቴ «ያልታጠበ ዕቃ መስታወት ውስጥ አስገብታችሁ ለሕዝብ ታሳያላችሁ? አታፍሩም?» ብላታለች።

የወንድሟ ሚስት ወገቧን ይዛ ከወዲያኛው ክፍል ወጣች። ወሯ ገብቷል፤ ስትራመድ ሆዷ ቀድሟት ነው የሚደርስ። ከጠጋኟ እጅ ዕቃዋን ተቀብላ አገላበጠቻትና ሳቀች። «እማዬ፣ ይቺ እኮ ጡጦ ናት! ኧረ እይው ቀዳዳውን!» አለች።

ጠጋኟም ገና ስታነሳት አውቃታለች፤ ያደረቃት እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ጡት ያላቸው ትንንሽ ሸክላዎች በሩቅ አገር በጥንት ሕፃናት መቃብር ውስጥ ተገኝተው፣ ሲመረመሩ የእንስሳት ወተት ቅባት እንደተገኘባቸው አንብባለች። ያነበበችው ከነፎቶው ነው፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ዕቃና ይህኛው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ጡጦ ብቻውን መሬት ውስጥ አይገባም።

«ከዚህች ጋር ሌላ ምን ወጣ?» አለች።

«ማሰሮ ነበር፤ ትልቅ። አንገቱን ዶማ በላው እንጂ ደህና ነው። እሱንም አጥቤዋለሁ። እዚያ ጥግ አለልሽ፣ አበባ ልተክልበት ነው» አለች እናቷ። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ሆዱ አፈር ሞልቶ ነበር፤ ለስላሳ፣ ድንጋይ የሌለው። ለቲማቲሜ ደፋሁት።»

ጠጋኟ ወደ ቲማቲሙ መደብ አየች። ከግድግዳው ሥር ያለች ጠባብ መደብ ናት፤ ችግኞቹ በዱላ ተደግፈው ቆመዋል፣ ከሥራቸው አዲስ የፈሰሰው አፈር ከሌላው ጠቆር ብሎ ይለያል። በብዙ አገር፣ በጥንት ዘመን፣ ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ልጃቸውን በማሰሮ አድርገው ከቤታቸው ወለል ሥር ይቀብሩ እንደነበር ታውቃለች። ሩቅ አይወስዱትም፤ ከሚተኙበት ሥር ነው። ይህን ለእናቷ መናገር ነበረባት። የእናቷን ፊት አየችና ዋጠችው፤ የሌሊት ልብሷን ቀይራ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ እሷና እናቷ ይተኛሉ፤ ሌላኛው በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ የወንድሟና የሚስቱ መኝታ ነው። ቴሌቪዥኑ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አልጋው ከመጋረጃው ወዲያ፤ ዜና የሚያይ ሰው ባልና ሚስት ሲያንሾካሹኩ ላለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ባልና ሚስቱም ዜናውን ላለመስማት ይተኛሉ። ሕፃን ሲመጣ የት እንደሚገባ ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትርፍ ፈረቃ እየነዳ፣ ፌሮውን ዛሬ፣ አሸዋውን በሚቀጥለው ወር እያለ፣ ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ሊያቆም ተነስቷል። ሲሚንቶ በየሳምንቱ ዋጋው ሲጨምር ሰውየው በየሳምንቱ ሲከሳ አይተዋል። ዛሬ ከሰዓት የአርማታ መኪና ይመጣል። ወረፋ ጠብቆ፣ ስንቱን ለምኖ ያገኘው መኪና ነው።

ወንድሟ ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጢጥ ብሎ ከግንበኛው ጋር ያወራል። ሲያያት «እትዬ ገል መጣች» አለ። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ገል ከገል ስትለጥፍ ስለምትውል። ቅር ብሏት አያውቅም።

ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ግንበኛው ጎኖቹን በአካፋ ቀጥ አድርጎ ቆርጧቸዋል፤ ሙያተኛ ነው፣ ግድግዳው ልክ እንደተጻፈ ገጽ ይነበባል። ከላይ የዘመኑ ቆሻሻ፣ ላስቲክና ጡብ፤ ከሱ ሥር ግራጫ አፈር፤ ከሱ ሥር የተደመደመ ጠንካራ ወለል፤ ከወለሉ ሥር ደግሞ፣ በስተቀኝ በኩል፣ የሌላ ማሰሮ አፍ ግማሹ ብቅ ብሎ ነበር። ከሱ ራቅ ብሎ ሦስተኛው። ዶማው በአንድ ክንድ ስቷቸዋል። ጣቷን ሳታስነካ ተጠግታ አየች። ሸክላው የጡጦው ዓይነት ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት የሚያንስ ከሆነ እጇን ትቁረጥ።

«ጋሼ፣ አርማታው ዛሬ አይፈስም» አለች ከጉድጓዱ ውስጥ ሆና።

ወንድሟ አልተቆጣም፤ መቆጣቱን ትመርጥ ነበር። «አውቄዋለሁ» አለ ለግንበኛው። «ገና ማሰሮው ሲወጣ ምን አልኩህ? ‹ይቺን እህቴን ካላስተኛናት ቤት አንሠራም› አላልኩህም?»

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ መሬት ጫረ። በቤተሰብ ጠብ መሃል እጁን የሚያስገባ ሰው አይደለም። እጁን ግን ጨርሶም አልሰበሰበም፤ «እኔ ቀን ከተከፈለኝ መቆሙም መሥራቱም ያው ነው» አለ።

«መቃብር ነው ጋሼ። የልጆች። እዚያ ግድግዳው ውስጥ ሁለት ቀርተዋል።»

«ይቅሩ። ስንት ዘመን ተኝተዋል፣ አርማታ ቢጨመርላቸው ምን ይሆናሉ? አይበርዳቸው! እኔ ልጄን የት ላስተኛው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሚስቱ መስኮቱ ጋ ናት። «የመድኃኒት ሻጩን ግቢ ረሳሽው? ሐቀኛ ነኝ ብሎ ራሱ ሄዶ ‹የጥንት ድንጋይ አገኘሁ› አለ። የቅርስ ሰዎች መጥተው በቆርቆሮ አጠሩለት። ቆርቆሮው ዝጎ ወደቀ፣ ሣሩ የሰው ቁመት አለፈ፣ ሰውየው አሁንም በኪራይ ቤት ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ አንድ ሰው ማንኪያ ይዞ ቆፍሮበታል?»

ማንም አልቆፈረበትም። ጠጋኟ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የዚያን ግቢ ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት በዓይኗ አይታዋለች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፤ ለደንብ አስከባሪ አንድ ስልክ ብትደውል መኪናው ከመንገድ ይመለሳል። ግን በገዛ ወንድሟ ላይ ደንብ አስከባሪ የጠራች ሴት ማታ ከየትኛው ማዕድ ትቀርባለች? ከሕግ የበለጠ የሚያስተማምን ነገር ትፈልጋለች፤ እንዳላትም ታምናለች። ከጉድጓዱ ወጥታ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄዳ፣ ለሙዚየሙ ኃላፊ ደወለች። ኃላፊዋ ቅዳሜ ስልክ አትወድም፤ ሰምታ ስትጨርስ ግን እንቅልፏ ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

«ጎሽ። በጣም ጎሽ። ሰኞ ደብዳቤ እናወጣለን፤ እስከዚያው ግቢው እንዲታጠር አደርጋለሁ» አለች።

«ካጠሩት ወንድሜ ከአጥሩ ቀድሞ አርማታውን ያፈሳል። እኔም አካፋ አቀብለዋለሁ።»

«ምን? ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ የመድኃኒት ሻጩ ቆርቆሮ ከኛ በላይ ነው ያለው፤ በየቀኑ እያየሁት ነው የምወጣው። አጥር ለመቆፈር አይደለም፣ ለመርሳት ነው። እርስዎ ዛሬ ቆፋሪ ይዘው ከመጡ ጉድጓዱ የእርስዎ ነው። ጨርሰው ደግሞ ለወንድሜ ይመልሱለታል፤ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፣ እኔም ሌት ተቀን አብሬ እሠራለሁ። ይህን በአፍዎ ይስጡኝና አሁኑኑ ይነሱ።»

በስልኩ ውስጥ ከጀርባ የሚፈላ ውሃ ድምፅ ይሰማል። «አንቺ ልጅ» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ፣ «የምትሠሪው ለሙዚየሙ ነው ወይስ ለእናትሽ?»

«ለሁለቱም። የሚከፍለኝ ግን አንዱ ብቻ ነው።»

ኃላፊዋ ሳቋ አመለጣት። እመጣለሁ አለች፤ በራሷ መኪና፣ ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር። ሳምንት ሳይሞላ እናስረክባለን፣ ቃሌ ነው አለች። የሴትዮዋን ቃል ጠጋኟ ታውቀዋለች፤ ከቢሮው ቃል የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ኃላፊዋ ስታፍር ፊቷ ይቀላል፤ ቢሮ ግን ፊት የለውም።

ቁርስ ላይ ይህንኑ ተናገረች። ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሮ ረስቶት ተቆርሶ ወደቀበት። «ቃል አርማታ አይሆንም» አለ። ሚስቱ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እናትየዋ ለሁሉም ሻይ ደገመች፣ ያልጠጣውም ሰው ላይ ደገመች፤ በዚህ ቤት ነገር ሲከር ሻይ ነው የሚበዛው። «ዝም አይነቅዝም» አለች ኋላ፣ ለማን እንዳለች ሳይታወቅ። «ጎረቤት ሳይሰማ፣ ሁለቱን ዕቃ አንቺ ይዘሽ ሂጂ፤ እሱም ቤቱን ይሥራ። ሁሉም ደስ ይበለው። ምን አለበት?» ጠጋኟ መልስ ነበራት፤ ሦስት አራት መልስ ነበራት፤ ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ዓይኗ ጓሮው ላይ አረፈ። የእናቷ ዶሮዎች ከማደሪያቸው ተለቀው በቀጥታ ወደ አዲሱ አፈር ሄደው ነበር። ቀይዋ ዶሮ በሁለት እግሯ ቆማ ትጭራለች፣ ትለቅማለች፣ ትጭራለች።

ብርጭቆው ከእጇ እንዴት እንደወረደ አታውቅም። እየጮኸች ወጣች፣ ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ ተበተኑ፣ እሷም መደቧ ላይ በጉልበቷ ወድቃ አፈሩን በሁለት እጇ ትሰበስብ ጀመር። አንድ ችግኝ ተነቀለ፤ ሌላውም ዘመመ።

«ቲማቲሜን! አንቺ ልጅ አበድሽ?» እናቷ ከኋላዋ ደረሰች። «ለአንድ ቁና አፈር እንዲህ ይኮናል?»

እንዲህ አድርጋ ልትነግራት አልፈለገችም ነበር። አስቀምጣ፣ ውሃ አጠጥታ፣ በቀስታ ልትነግራት ነበር። ምላሷ ግን ቀደማት። «አፈር አይደለም የደፋሽው! ልጅ ነው! ማሰሮው ውስጥ የነበረው ልጅ ነው፣ ጡጦውን ያጠብሽበት ልጅ! አሁን ዶሮ እየለቀመው ነው!»

ወንድሟና ሚስቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ግንበኛው አካፋውን ተደግፎ ሰማይ ያያል። እናትየዋ እጇን አየች፣ መዳፏን ገልብጣ፣ ከዚያ ጀርባውን፤ ከዚያ ዘወር ብላ ወደ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። ጠጋኟ ያለችውን ልትመልሰው ወደደች፤ ከአፍ የወጣ ግን አይጠገንም፣ የእሷ ሙያ እዚህ አይሠራም። አንገቷን ደፍታ በጣቷ አፈሩን መበተን ቀጠለች። እየገባት ነው፤ በእጅ አይሆንም፣ አፈሩ ተቀላቅሏል፣ የሕፃን አጥንት ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ነጭ ጨርቅ በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ በአንድ እጇ በርጩማ፣ በሌላው የዱቄት ወንፊቷን ይዛ መጣች። ያ ወንፊት ሰው የማይነካው ነው፤ ልጆቿ እንኳ ሳያስፈቅዱ አያወርዱትም። ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ከፈት አደረገች። «አምጪ» አለች። ጠጋኟ አንድ እፍኝ ጨመረችላት። «እንዳታሺው እማዬ፣ ይሰበራል፤ ዝም ብለሽ…» «ወንፊት አታስተምሪኝ» አለች እናቷ፣ እናም ነፋች። ክንዷ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ እንደ ውሃ ይሄዳል፤ አፈሩ እንደ ዱቄት ይወርዳል፣ ጠጠሩ ወንፊቱ ላይ ይዞራል። የሕንፃ ሥራው፣ ጎረቤቱ፣ ወሬው፣ ሁሉም ከፊቷ ጠፍቷል። የወንድሟ ሚስት አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች፤ ማጎንበስ ስለማትችል ከወንፊቱ የተረፈውን በሳህን ተቀብላ በጣቷ ትለያለች። ጠጠር፣ ሥር፣ ጠጠር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። ፀሐይ ከአናት ካለፈች በኋላ እናትየዋ መንፋቷን አቆመች፤ ከወንፊቱ አንድ ነገር በሁለት ጣቷ አነሳች። እንደ ባቄላ ያህል ናት፣ ድፍን፣ ቢጫ ያዘለች።

«ይቺ ጠጠር አይደለችም» አለች።

ጠጋኟ ተቀበለቻት። ከጆሮ ውስጠኛው ክፍል ዙሪያ ያለችው የራስ አጥንት ናት፤ ከሰው አካል ሁሉ ጠንካራዋ፣ ቤተ ሙከራዎች አሁን አሁን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቋት። ትንፋሿን ሰበሰበች። «እማዬ፣ በዚች ብቻ እናትና አባቱ ከየት ወገን እንደመጡ ሊታወቅ ይችላል። ዕድል ካለን።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«እሱም ከዚችው ሊታወቅ ይችላል።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀችና «ጨምሪ» አለች። ትንሽ ቆይታ የወንድሟ ሚስት ከሳህኑ ላይ አንዲት ነጭ ነገር በጣቷ ጫፍ ይዛ አሳየች፤ ከታች ባዶ የሆነች፣ እንደ ትንሽ ዛጎል። ጥርስ ናት፤ ከድድ ሳትወጣ የቀረች። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ እንደያዘች ቀረች፣ ማንም ቶሎ አልተቀበላትም።

ያኔ የወንድሟ ስልክ ጮኸ። የአርማታው መኪና ነው፤ ከመንገዱ ራስ ላይ ቆሟል፣ ማዞሪያውን አሳየኝ ይላል፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም በስልኩም በአየሩም ይሰማል። ወንድሟ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጉድጓዱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ። ጠጋኟ የምትለውን ሁሉ ጠዋት ተናግራ ጨርሳለች፣ እመጣለሁ ያለችው ኃላፊም ገና አልደረሰችም። ቢፈልግ አሁን ያስገባዋል። ማንም በጉልበት አይመልሰውም።

እናትየዋ ከወንፊቱ ራሷን አላነሳችም። «ዛሬ አይሆንም በለው» አለች። «ልጅ ጠፍቶን እየፈለግን ነው በለው።»

ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ለሰው ችግሩን እንደሚያስረዳ ሰው በትሕትና ተናገረ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አይሆንም… አይ፣ በሂሳብ አይደለም… ልጅ ጠፍቶን እየፈለግን ነው…» አዳመጠ። ሹፌር ለሹፌር ነውና ያኛው አልተቆጣም፤ የሞተሩን ድምፅ አጥፍቶ ነበር። ወንድሟ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ላግዛችሁ ወይ ይላል። የስንት ዓመት ልጅ ነው ይላል።»

«ጥርስ አላበቀለም በለው» አለች እናቱ፣ እናም ወንፊቱን ወደ ጠጋኟ ዘረጋች፣ እንድትጨምርላት።